አንድ ጉድጓድ ለሁሉም

በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ትዝ ይለናል። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ላይ ግን ክረምት ማለት ሣሩ ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ ለወራት የሚበላ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። በዚያ ማርሞት የተባለ፣ ከጥንቸል የሚገዝፍ ሣር በል እንስሳ ይኖራል። በሙቀቱ ወራት በልቶ ይሰባል፤ ብርዱ ሲቃረብ ቤተሰቡ በሙሉ ደረቅ ሣር ወደተነጠፈበት አንድ ጉድጓድ ይገባል፤ በሩንም በአፈርና በድንጋይ ደፍኖ ስድስት ወር ያህል ይተኛል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛም አብሮ መተኛቱ ሁሉንም እኩል የሚጠቅም መስሎን ነበር። ነገር ግን ዋልተር አርኖልድ የተባሉ ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። በዚያ ዓመት የተወለዱት ግልገሎች ሰውነታቸው ገና ትንሽ ስለሆነ፣ ክረምቱን እንዲወጡት የታላላቆቻቸው ሙቀት ይረዳቸዋል። ታላላቆቹ ደግሞ ግልገል ባለበት ጉድጓድ ይበልጥ ይከሳሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሸክሙ እኩል ካልሆነ፣ ብርቱው ለደካማው መክሳቱ ግዴታው ነውን? ወይስ ቸርነቱ?

በመኝታ ቤታችን ትምህርቱ የከበደው አንድ አዲስ ገቢ ነበር። ለፈተና ስናጠና እየመጣ «እባካችሁ አስረዱኝ» ይለን ነበር። እኛም ጊዜያችን ይባክናል ብለን በሩን ዘጋንበት። እኛ አለፍን፤ እርሱ ወድቆ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሕግ አልጣስንም፤ ማንም አልከሰሰንም። ሆኖም ያ አልጋ ባዶውን ባየነው ቁጥር እርስ በርሳችን መተያየት ያቅተን ነበር።

ማርሞት ይህን የሚያደርገው በተፈጥሮው ስለሆነ ምስጋና አይገባውም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። እኛ ግን መምረጥ እንችላለን፤ ስለዚህም ነው ጥያቄው እኛን የሚመለከተን። ደግሞም ዛሬ የሚያሞቀው ታላቅ ትናንት ግልገል ነበር። እኛም አንደኛ ዓመት ሳለን ደብተራቸውን ያዋሱን፣ አምሽተው ያስረዱን ነበሩ። የተቀበልነውን ሙቀት ማስተላለፍ እንግዲህ ዕዳችን ነው።

ብርድ ሲመጣ በር መዝጋት ነውር የለውም፤ ማርሞትም ይዘጋል። ነገር ግን ወንድሞችና እህቶች፣ ከመዝጋታችን በፊት ውጭ የቀረ እንዳለ እንቁጠር።