ድምፁ የማን ነው?

የመንግሥት ደሞዝ እየበላ ያዜመ ሰው፣ ድምፁ የማን ነው? "ጥበብ ለሕዝብ" የሚለውን መፈክር ከቀደሙን ተማሪዎች ለወረስን ለእኛ መልሱ ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም።

ወደ ጅማ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ከዓለም ገና ጀምሮ ጥላሁን ገሠሠን ብቻ አስደመጠን። ከመካከላችን አንዱ "የክብር ዘበኛ ሰው ነበር፤ ለገዢ ነው የዘፈነው" ብሎ ፈረደ። ከመሬት ተነስቶ አልፈረደም። ጥላሁን ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የገባ፣ ንጉሡም ፊት የቆመ ዘፋኝ ነው። ነገር ግን ወዴት ይሂድ? ያኔ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ፤ አምኃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ደግሞስ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁንም ታስሮ የለም? ያበላው የደንብ ልብስ አሳሰረው እንግዲህ!

ልጅ ሆኖ ያደገባት ወሊሶ ስንደርስ ኦሮምኛ ዘፈኑ መጣ። እስከዚያ ዝም ያሉ ተሳፋሪዎች አብረው ማዜም ጀመሩ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዳኛችን ቋንቋውን አይሰማም፤ ግን እሱም ፈዞ ቀረ። እኛን ያስፈራን ታዲያ ይኸው መፍዘዝ ነው። ቃሉ ሳይገባን እንዲህ ካሸነፈን፣ በዚያው ድምፅ ውሸት ቢዘፈንልን እናውቀው ነበር? ፕላቶ በ"ሪፐብሊክ" የልቅሶ ቅኝቶችን ከከተማው ያባረረው ያለምክንያት አይደለም። (ትዝታን ቢሰማማ ኖሮ ወልቂጤ ሳንደርስ "ወራጅ አለ!" ይል ነበር።)

እኛ ግን ድምፁን ማባረር አንችልም፤ ብንችልም አንፈልግም። ለራሳችን ያበጀነው መለያ ይህ ነው፦ የፍቅር ዘፈን ለማን እንደሆነ የሚወስነው ሰሚው ነው። እኚያ እናት ያለቀሱለትን ሰው የትኛውም ጽሕፈት ቤት አያውቀውም። ውዳሴ ግን የባለቤቱ ስም ተጽፎበት ነው የሚመጣው። ሰውየው በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ካረፈ ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ሾፌሩ በፍላሽ ጭኖ ካሰማን ውስጥ ለገዢ የተዘፈነ አንድም አልነበረም። "ሕዝቡ ራሱ አጣርቶታል!" ብለን ልንፎክር ስንል ዳኛችን አቋረጠን፦ "ዛሬ ተረሳ ማለት ያኔ ማንንም አላታለለም ማለት ነው?"

እስከ ጊቤ በረሃ ድረስ ተከራከርንበት፤ መልስ ግን አላገኘንለትም።