አረንጓዴው ምልክት ምን ይመሰክራል?

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ እንደ አረንጓዴ ምልክት በቀላሉ የሚታመን ምስክር የለም። አንድ ፕሮግራመር የጻፈውን ለውጥ ወደ ጋራው ኮድ ሲልክ፣ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ተቀብሎ ይገነባዋል፤ የተዘጋጁለትን ፍተሻዎች አንድ በአንድ ያስኬዳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ከለውጡ ጎን አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ያኖራል። ቀይ ከሆነ ሥራው ይቆማል። አረንጓዴ ከሆነ አብዛኛው ቡድን ሌላ ነገር አይጠይቅም። ለውጡ ያልፋል፤ አንዳንዴም የሰው እጅ ሳይነካው በቀጥታ ተጠቃሚው ዘንድ ይደርሳል። ይህን አገልግሎት እያከራዩ የሚተዳደሩ ኩባንያዎች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ንግዳቸው ሳይሆን ምስክርነቱ ነው። አረንጓዴ ሲበራ በእርግጥ ያወቅነው ምንድን ነው? ያላወቅነውንስ በማን ላይ ጥለን ነው የምንተኛው?

ነገሩ የተወለደው ከድካም ነው። ቀድሞ ብዙ ሰው በአንድ ሶፍትዌር ላይ ሲሠራ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ለብቻው ይቆይ ነበር። ክፍሎቹ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ሥራ ከሌላው አይገጥምም፤ ጥፋቱ የት እንደተጀመረ ለማወቅ ብቻ ቀናት ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬንት ቤክና ባልደረቦቹ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ያሉትን አሠራር ሲያስተዋውቁ ለዚህ ያቀረቡት መድኃኒት አስገራሚ ነበር፦ የሚያስጨንቀውን ነገር ከማዘግየት ይልቅ በየቀኑ፣ ከተቻለም በቀን ደጋግሞ ማድረግ። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን የዘወትር ውህደት በጽሑፍ አብራራው፤ በቀጣዩ ዓመት ቶትወርክስ የተባለው ኩባንያ ይህን የሚሠራ ክሩዝኮንትሮል የተባለ ነጻ መሣሪያ አወጣ። በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ኮሱኬ ካዋጉቺ ደግሞ ሀድሰን የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ጻፈ። ኦራክል ሰንን ከገዛ በኋላ በስሙ ላይ ክርክር ተነሥቶ፣ በ2011 ተጠቃሚዎቹ ድምፅ ሰጥተው ጄንኪንስ አሉት። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ትራቪስ ሲአይ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሰርክልሲአይ ተመሠረቱ። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ የሚፈትሸውን ማሽን እናንተ አትግዙ፣ አታስተዳድሩ፤ ኮዳችሁን ላኩልን፣ ውጤቱን እንነግራችኋለን።

ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ማሳየት ለምን እንደሚበጅ ለቅኔ ቤት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጀማሪው ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ እርማቱንም እዚያው ይቀበላል። የወር ቅኔ አከማችቶ ቢመጣ ኖሮ ስህተቱ ልማድ ሆኖ፣ እንዴት እንደገባበትም ራሱ ረስቶት ይጠብቀው ነበር። ስህተት በተሠራበት ሰዓት ሲያዝ ምክንያቱ ገና በሠሪው ልብ ውስጥ አለ። የዘወትር ውህደት ዋናው ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ ሻጮቹ አዘውትረው የሚያነሡት ፍጥነት ትርፍ ነው። ይሁንና በመምህሩና በማሽኑ መካከል አንድ የማይደፈን ልዩነት አለ። መምህሩ ያልጠበቁትን መስማት ይችላሉ። ቤቱ ሞልቶ፣ ሰዋስዉ ተስተካክሎ ሳለ «ምሥጢሩ የታለ?» ሊሉ ይችላሉ። ማሽኑ አስቀድሞ ያልተጻፈለትን ጥያቄ አይጠይቅም፤ የሚጽፍለት ደግሞ ያው ኮዱን የጻፈው ሰው ወይም የቅርብ ባልደረባው ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ ፍተሻ የስህተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ እንደማይችል በ1960ዎቹ መጨረሻ ተናግሮ ነበር። ፕሮግራመሮች ይህን በቃላቸው ያውቁታል፤ በተግባር ግን እንደማያውቁት ሆነው ይሠራሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ምልክቱ ራሱ አሳሳች ነው፦ ተጠይቆ በትክክል የተመለሰ ጥያቄና ከናካቴው ያልተጠየቀ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን እናስብ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት የማሻሻያ ፋይል ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ። ፋይሏ ግን ሳትፈተሽ አልወጣችም። ኩባንያው በኋላ እንዳብራራው፣ የሶፍትዌሩ አንዱ ክፍል 21 ግብዓቶችን ይጠብቃል፤ የሚያቀብለው ኮድ ግን የሚሰጠው 20 ብቻ ነበር። ይህ ጉድለት ለወራት ሳይታይ የኖረው፣ በፍተሻው ጊዜ ለ21ኛው ቦታ «ምንም ይሁን» የሚል መስፈርት ስለተሰጠው ነው። ቦታውን ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ባዶ መሆኑም አይታወቅም። የዚያን ዕለቷ ፋይል የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሆነች። ከመውጣቷ በፊት የመረመራት ፕሮግራምም በራሱ ስህተት ነበረበትና አሳለፋት። ኩባንያው በ78 ደቂቃ ውስጥ ፋይሏን መለሳት፤ ነገር ግን አንዴ የወደቀ ኮምፒውተር እርማቱን መቀበል አይችልም፤ ሰው አብዛኛውን በአካል ሄዶ ማንሣት ነበረበት። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረው «አልፏል» የሚለው ቃል ሐሰት አልነበረም። የተባለው ሁሉ በእርግጥ አልፎ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በእጅ መሥራት ይሻላል» የሚል ቢኖር አልስማማም። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተዋናይ በ2012 አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ በሰው እጅ ሲያስጭን፣ ሠራተኛው ሰባቱን ጭኖ አንዱን ዘለለ። ሁለተኛ ሰው እንዲያይለት የሚያዝ የተጻፈ ደንብም አልነበረም። ኦገስት 1 ጠዋት ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ አሮጌ ኮድ ተቀሰቀሰና በ45 ደቂቃ ያህል ውስጥ ኩባንያውን ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። ማሽን ቢሆን ኖሮ ስምንተኛውን አይዘልም ነበር። ማሽን አይደክመውም፣ አይሰለቸውም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ አይቸኩልም።

ሆኖም በዚያው ታሪክ ውስጥ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነገር አለ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደመዘገበው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት የኩባንያው ሥርዓት 97 የኢሜይል መልእክቶችን በራሱ ጊዜ ለሠራተኞች ልኮ ነበር። መልእክቶቹ ስህተት መኖሩን ይጠቁማሉ። ማንም እርምጃ አልወሰደም፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ታስበው አልተዘጋጁምና። ማሽኑ ተናግሯል፤ የተነገረው ግን ተነበበም አልተነበበ በሰው አእምሮ ውስጥ ጥያቄ ሆኖ አልተነሣም። ስለዚህ ክርክሩ የሰውና የማሽን አይደለም። ፍተሻን ለማሽን መስጠት ይቻላል፤ መጠራጠርን ለመስጠት ግን ተቀባይ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፦ ያላወቅነውን በማን ላይ ነው የጣልነው? ኮዱን ከመፈተሽ አልፎ ወደ ተጠቃሚው እንዲያደርስ የታዘዘ ኩባንያ የደንበኛውን ቁልፎች ሁሉ መያዝ አለበት። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል፣ የዳታቤዙን ምስጢር፣ የደመናውን መግቢያ የማያውቅ አድራሽ በር ላይ ይቀራል። አንድ ቡድን ቁልፉን ሲሰጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሺዎች ለአንድ ኩባንያ ሲሰጡ ግን ከየደንበኛው የከበረ ጎተራ ይፈጠራል፤ ሌባም ይህን ለመረዳት ብዙ አያስፈልገውም።

ሰርክልሲአይ የደረሰበት ይኸው ነው። በዲሴምበር 2022 አጋማሽ የአንድ ሠራተኛው ላፕቶፕ በክፉ ፕሮግራም ተያዘ፤ በኩባንያው ጸረ ቫይረስም አልታየም። ሠራተኛው በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ገብቶ ነበር፤ ሌባው ግን ማረጋገጫውን ሊሰብር አልሞከረም፣ ከገባ በኋላ ያለውን ፈቃድ ወሰደ እንጂ። ዲሴምበር 22 የደንበኞችን ምስጢር ቀዳ። መረጃው በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነበር፤ እሱ ግን መፍቻውን በሥራ ላይ ካለ ፕሮግራም ውስጥ አወጣ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2023 ኩባንያው ለደንበኞቹ ሁሉ ያከማቹትን እያንዳንዱን ምስጢር እንዲለውጡ ነገራቸው። በኋላ ያወጣው ዘገባ ግልጽና ሐቀኛ ነበር፤ ብዙዎች ከሚያደርጉት ይሻላል። በዘገባው ውስጥ ዓይኔን የያዘው ግን አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፦ ዲሴምበር 29 የመጀመሪያውን ጥቆማ የሰጠው ደንበኛ ነበር። በመለያው ላይ ያልለመደውን እንቅስቃሴ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ያለ።

ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ2020 የተጋለጡት ሰርጎ ገቦች ቁልፍ ብቻ አልሰረቁም፤ ምርቱን የሚገነባው ማሽን ውስጥ ተቀመጡ። ኦሪዮን የተባለው ሶፍትዌር ሲገነባ ጠብቀው አንድ ፋይል በራሳቸው ይተካሉ፤ ግንባታው ሲያልቅ የቀድሞውን ይመልሳሉ። ፕሮግራመሮቹ የሚያነቡት ኮድ ንጹሕ ነው፤ የሚወጣው ምርት ግን የተመረዘ፣ በኩባንያው ዲጂታል ፊርማም የተረጋገጠ። ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች ዘንድ ደረሰ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ያነሣው ይህንኑ ዓይነት አደጋ ነበር፤ ምንጩን አንብበን የገነባው መሣሪያ ታማኝ ነው ማለት አንችልም። እዚህም ሽፋኑን የገለጠው ፍተሻ አልነበረም። የደኅንነት ኩባንያው የፋየርአይ ባለሙያ በአንድ ሠራተኛ ስም ሁለተኛ ስልክ መመዝገቡን አይቶ ሠራተኛውን ጠየቀ። ሠራተኛው የኔ አይደለም አለ። ትልቁ የስለላ መረብ መፈታታት የጀመረው ከዚህ ነው።

ሁለቱም ቦታ ምልክቶቹ አረንጓዴ ነበሩ። ሁለቱም ቦታ አንድ ሰው ባልታዘዘበት ነገር ተጠራጠረ።

በሌላው ላይ መደገፍ ከተነሣ፣ ስለ ነጻው አገልግሎትም በአጭሩ ልበል። ትራቪስ ሲአይ ክፍት ኮድ ለሚጽፉ ሰዎች ማሽኑን ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ኖሮ በ2019 አይዴራ ለተባለ ድርጅት ተሸጠ፤ በ2020 መጨረሻም ነጻው በር ጠበበ። አንዱ ምክንያት የክሪፕቶ ገንዘብ ቆፋሪዎች ነጻውን ማሽን ለራሳቸው ማዋላቸው ነበር። ሀብታም ቡድን እንዲህ ሲሆን ሒሳብ ከፍሎ ይቀጥላል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የሌለው የአዲስ አበባ ፕሮግራመር ግን ዋጋው ትንሽ ቢሆንም መክፈያ መንገዱ የለውም፤ ለእሱ ነጻው እርከን ምርጫ ሳይሆን መግቢያው ነው። በስጦታ ላይ የተሠራ ልማድ የሰጪውን ቀን መቁጠሪያ መከተሉ ግድ ነው፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ሲጀመር ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ኃላፊነቱን በተመለከተ በሙያው ውስጥ አንድ የሚታወቅ መለያ መስመር አለ። በአንደኛው አሠራር ሁሉም ነገር ተፈትሾ ይዘጋጅና የመጨረሻውን ቁልፍ ሰው ይጫናል። በሌላኛው ቁልፉም የለም፤ አረንጓዴ ማለት ወጣ ማለት ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን የኃላፊነት ዋስትና አድርገው ያዩታል። እኔ እጠራጠራለሁ። አረንጓዴ ሲያይ መቶ ጊዜ የተጫነ ጣት መቶ አንደኛውን ጊዜ እየፈረደ አይደለም። ፍርዱ የተሰጠው ቀደም ብሎ፣ ፍተሻው ሲጻፍ፣ «ምን ቢሆን ይበላሻል?» በተባለበት ወይም ባልተባለበት ሰዓት ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙ ቡድኖች ኮዱንም ፍተሻውንም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እያጻፉ ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ፣ ሁለቱም የረሱትን ነገር ምልክቱ ከቶ ሊያሳይ አይችልም።

ፈታሹን መፈተሻ መንገድ ግን አለ፤ አዲስም አይደለም። ሪቻርድ ሊፕተን በ1971 ተማሪ ሳለ ያነሣው፣ በ1978 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሐሳብ ነው። ኮዱን ሆን ብለህ በጥቂቱ ታበላሸዋለህ፦ መደመሩን መቀነስ፣ «ይበልጣል» የሚለውን «ያንሳል» ታደርገዋለህ። ከዚያ ፍተሻውን ታስኬዳለህ። ቀይ ከበራ ፍተሻው እዚያ ቦታ ላይ ነቅቷል። አረንጓዴ እንደሆነ ከቆየ ያንን ቦታ የጠየቀው ማንም የለም። አሁን ብዙ ቡድን የሚመካበት የሽፋን መቶኛ የትኛው መስመር እንደሄደ እንጂ የትኛው እንደተጠየቀ አይናገርም፤ ይህ ግን ይናገራል። ችግሩ አንዱን ፍተሻ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ብልሽቶች ደጋግሞ ማስኬድ መሆኑ ነው፤ እነዚህ ኩባንያዎች ደግሞ በብዛት የሚያስከፍሉት ማሽኑ በሠራበት ደቂቃ ልክ ነው። ደንበኛው አረንጓዴው ቶሎ እንዲመጣለት ይከፍላል፤ ሻጩም የሚያስተዋውቀው ስንት ደቂቃ እንዳሳጠረ ነው። አረንጓዴውን የሚያዘገይና የሚያሳፍር ሥራ በዚህ ውል ውስጥ ማን በገንዘቡ እንደሚያዝዘው ገና አልታየኝም።