የታቀፈችው ዶሮ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ እንደምናነበው፣ ሄሮድስ ሊገድለው እንደሚፈልግ ለጌታችን በተነገረው ጊዜ፣ ጌታ ሄሮድስን ቀበሮ ብሎ ጠራው፤ ጥቂት ቆይቶም ስለ ኢየሩሳሌም ሲናገር ራሱን በዶሮ መሰለ። ቀበሮን የሚያስፈራ አንበሳ ነበረ፤ በኦሪት እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ መሸከሙ ምሳሌ የሆነው ንስርም ነበረ። እርሱ ግን ቀበሮ የሚበላትን መረጠ። ዶሮ ጥፍሯ አጭር፣ ክንፏም ሩቅ የማይወስዳት ናት፤ ቀበሮ ሲመጣ ለጫጩቶቿ የምትሰጠው ከገዛ አካሏ በቀር ሌላ የላትም። ይህን የወንጌል ክፍል በዘርአ ክህነት ከመምህራን ተምረነዋል፤ ትርጉሙን ግን አስቀድማ ያሳየችኝ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቴ ከስድስት የማይበልጡ የአበሻ ዶሮዎች ነበሯት። ጎህ ሲቀድ ከቆጥ ሲወርዱ ትቆጥራቸዋለች፤ ማታ ሲሰፍሩም ትቆጥራቸዋለች። ቀኑ ከጭልፊት፣ ሌሊቱ ከሸለምጥማጥ ጋር ትግል ነበር። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ከዚያም ላይ ለመታቀፍ የሚቀመጠው ሲቀነስ ለገበያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የቤቱ ጨው፣ የኩራዙ ጋዝ፣ የእኔም ደብተር የተገዛው ከዚያው ከጥቂቱ ነው። የከብቱንና የቡናውን ገንዘብ አባቴ ይይዝ ነበር፤ የእንቁላሉ ግን የእርሷ ነበር፤ እርሱም ስለዚያ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። (የሚስቱን የእንቁላል ገንዘብ ተቀብሎ ጠላ ቤት የሚገባ ባል ይህን ቢያነብ፣ ስለ እርሱ መጻፌን ይወቅ።)

ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እየሮጠችም ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በመንቁሯ እያገላበጠች ሁሉም እኩል እንዲሞቁ ታደርጋለች። የደረቷ ላባ ስለሚሳሳ ሙቀቱ ከገላዋ በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ይደርሳል፤ እርሷ ግን ትከሳለች። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ይህን አስተውሎ ነበር። ሌሎች ወፎች እናትነታቸው የሚታወቀው በጎጆአቸው ሲታዩ ብቻ ነው፤ ዶሮ ግን ድምጿ ጎርንኖ፣ ላባዋ ተበታትኖ፣ እጅግ ስለምትደክም ጫጩቶቿ ባይከተሏት እንኳ እናት መሆኗ ይታወቃል ሲል አስተምሯል። በዚህም ድካም ውስጥ፣ ስለ እኛ ሥጋን ለብሶ የደከመውን የእግዚአብሔርን ልጅ አየ።

በአገራችን ዳክዬ የሚያረባ ሰው ብዙ አይደለም። አንድ ጊዜ ባገለገልሁበት ስፍራ ግን ደናግል እኅቶች በክሊኒካቸው ግቢ ጥቂት ዳክዬዎች ነበሯቸው፤ ዳክዬዋ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድ ለዶሮ ያስታቅፉላት ነበር። የዳክዬ እንቁላል 28 ቀን ይፈልጋል። ዶሮዋ 21ኛው ቀን ሲያልፍ አንድም ቅርፊት ሳይሰነጠቅ ሰባት ቀን ጨምራ ስትቀመጥ አይቻለሁ። የተፈለፈሉት ወደ ኩሬው ዘለው ሲገቡ ደግሞ በዳር ቆማ ትጮኻለች። ይህን ለአንዲት የሟች ልጃቸውን ልጆች ላሳደጉ አያት ባጫውታቸው ሳቁና፣ «እኔም እንደዚያችው ነኝ አባ፤ የእኔዎቹም ወደማላውቀው ገብተዋል» አሉኝ። ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው።

አሁን የራሴን ልናገር። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ከቁምስናው በበቅሎ የሦስት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ጸሎት ቤት ለቅዳሴ ሄጄ አንዲት መበለት ቤት ለምሳ ተጋበዝሁ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ርቦኝ ነበርና ጠግቤ በላሁ፤ ሙያቸውን አመሰገንሁ፤ ቤቱንም ባረክሁ። ስወጣ የስድስት ዓመት ልጃቸው ከእንሰቱ ሥር ተቀምጣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋለች። እንቁላሎች ነበሩ። በቤቱ የነበረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች፤ ከታቀፈችም ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። እንግዳ መጣ ተብሎ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ታረደች።

«አባ፣ እኔ ባሞቃቸው ይፈለፈላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ያን ዕለት የተናገርሁት ለማምለጥ ነበር። አንዱም እንዳልተፈለፈለ በኋላ ካቴኪስቱ ነገረኝ።

ሁለት ቄቦች ገዝቼ ላክሁ፤ ነገሩም በዚያ የተዘጋ መሰለኝ። በሚቀጥለው ጉብኝቴ ከሁለቱ አንዷን ሊያሳርዱ ሲነሡ ከለከልኋቸው። ሴትዮዋ አዘኑ። «ድሀ ስለ ሆንሁ ቤቴን ናቁት እንዴ አባ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እንግዳን መቀበል ከእምነታችንም ከባህላችንም የመጣ ነው፤ ለድሀ ደግሞ መስጠት መቻሉ ክብሩ ነው። ከብዙ ንግግር በኋላ የተስማማነው፣ ቤተሰቡ በዚያ ቀን የሚበላውን ቆጮና ጎመን አብሬ እንድበላ ነው። ካህናት ወንድሞቼና ካቴኪስቶች፣ ለጉብኝት ከመሄዳችሁ በፊት መልእክት ላኩ፤ የምትበሉትንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቤት ገብቶ እምቢ ማለት፣ እንዳየሁት፣ ሌላ ቁስል ያቆስላል።

በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት በደብረ ዘይት ተራራ ላይ፣ ጌታ ስለ ከተማይቱ ማልቀሱን የሚያስታውስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዛሬው ሕንጻ በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተፈጸመ ሲሆን፣ በመሠዊያው ፊት ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር የሰበሰበች ዶሮ በጥቃቅን ድንጋይ ተሥላ ትታያለች። ስሙ ወደ አገራችን ይመልሰኛል፤ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ የፈንግል ክትባት ይመረታልና።

የዶሮ እናት የምታለቅስበትን ፈንግልን የማያውቅ ገበሬ የለም። ብዙ ጊዜ ዝናብ ሊገባ ሲል ይነሣል፤ የመንደሩን ዶሮ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ አንዷ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የተመጠነች ናት፤ በቅዝቃዜ መጠበቅ አለባት፤ ከተበጠበጠችም በዚያው ቀን ማለቅ አለባት። ሦስት ዶሮ ያላቸው መበለት ብቻቸውን ሊገዟት አይችሉም። ጎረቤት ከጎረቤት ካልተሰበሰበ ክትባቱ ወደ መንደሩ አይመጣም።

በዚያ ጸሎት ቤት ካቴኪስቱ ይህን ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በግንቦት ወር ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የየቤቱን ዶሮ ቁጥር ይመዘግባል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቆርጣል። ዶሮዎቹ ሲሰፍሩ ባለሙያውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ባለፈው ግንቦት እኔም አብሬአቸው ዞርሁ። ባለሙያው አንዳንድ ጠብታ በዶሮዎቹ ዐይን ሲያደርግ፣ ፋኖሱን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ዶሮዎቹን ከቆጥ እያወረደች የምታቀብለን ያች ልጅ ነበረች። አሁን የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ቤት ስንደርስ አንዷ ዶሮ ታቅፋ ነበርና፣ «ይህችን ከተቀመጠችበት አናስነሣትም፤ እዚያው እንዳለች ይክተቧት» ብላ ፋኖሱን ለእኔ ሰጠችኝ።