ከማን ጋር ታየች?

አንድ ሰው የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል? ይህ ጥያቄ የያዘኝ ስብከት እየሰማሁ አይደለም፤ ስለ ክሮሞዞም አስተጣጠፍ ሳነብ ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስላችሁም ጥቂት ታገሡኝ።

በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲኤንኤ አለ። ይህ ክር በ46 ክሮሞዞሞች ተከፍሎ የሚቀመጥበት ኒውክለስ ግን ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ቢሆን ነው። እናቶቻችን የፈተሉትን ጥጥ በልቃቂት ይጠቀልሉታል፤ ልቃቂት የሚፈታው ግን ከጫፉ ነው። ሴል ከክሩ መካከል የሚፈልገውን ቦታ በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ያነብባል። እንዴት ቢታጠፍ ነው?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ኤሬዝ ሊበርማን ኤይደን፣ ጆብ ዴከር፣ ሊዮኒድ ሚርኒና ባልደረቦቻቸው ሃይ-ሲ የተባለ ዘዴ ይዘው መጡ። ሴሎቹን በፎርማልዴሃይድ ባሉበት ያደርቋቸዋል፤ ዲኤንኤውን በኢንዛይም ይቆራርጡታል፤ በዚያች ሰዓት ጎን ለጎን የተገኙትን ቁራጮች ያያይዙና ጥንዶቹን ያነብባሉ። ውጤቱ ትልቅ ሰንጠረዥ ነው፤ የሚናገረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ከማን ጋር ተገኘ። ለምን እንደ ተገናኙ፣ ማን እንዳገናኛቸው አይናገርም። ደግሞም የብዙ ሚሊዮን ሴሎች ድምር ነው። በ2013 ሴሎች አንድ በአንድ ሲጠኑ የአንዱ አስተጣጠፍ ከሌላው እንደሚለይ ታየ፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚያሳየው አማካይ ሴል በየትም የለም። (ስለ “የዘመኑ ወጣት” ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።)

ኮምፒውተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክሮሞዞሙ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ይታሰባል፤ እያንዳንዱ ዶቃ ብዙ የዲኤንኤ ፊደላትን ይወክላል። ዶቃዎቹ የሚገፋፉበትና የሚሳሳቡበት ሕግ ይወጣላቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ከዚያም ከሞዴሉ የወጣው ሰንጠረዥ ከእውነተኛው ጋር ይነጻጸራል። በ2009 የቀረበው ሞዴል ቋጠሮ የሌለበት፣ ጥቅል በጥቅል ውስጥ የገባ ቅርጽ ነበር። ውብ ነበር። ቁጥሩም ገጠመ፦ ሁለት ነጥቦች በክሩ ላይ ሲራራቁ የመገናኘት ዕድላቸው የሚቀንሰው ሞዴሉ እንደሚለው ሆኖ ተገኘ።

ገጠመ ማለት ግን እውነት ነው ማለት ነው?

በወጣቶች ኅብረታችን ከመዘምራኑ ጋር የምታገለግል አንዲት እኅት ነበረች። ለተከታታይ ሳምንታት ከሐሙስ ልምምድ ቀረች። አንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆማ አያት። ሌላው ከማናውቀው ወንድ ጋር በባጃጅ ስትሄድ አያት። ሦስቱም እውነት ነበሩ፤ ማንም አልዋሸም። ሦስቱን በአንድ ክር የሰካኋቸው እኔ ነኝ። “እንድትጸልዩላት ብዬ ነው” እያልኩ ለሁለት ሰዎች ነገርኩ። ሐሰተኛ ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ ውሸት መናገርን ብቻ የሚከለክል ይመስለኝ ነበር።

ኋላ እንደ ተረዳነው፣ ከዚያ ደጃፍ የምትቆመው አባቷን ወደ ቤት ለመመለስ ነበር። ባለ ባጃጁ የአጎቷ ልጅ ነው። ይህኛውም ታሪክ ሦስቱን ነገሮች እኩል ይገጥማል።

በሳይንሱም ያው ሆነ፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ከብዙ ዓይነት አስተጣጠፍ ሊወጣ ይችላል። በ2014 የኤይደን ቡድን እጅግ የጠራ ካርታ ሲያወጣ 10,000 ያህል የክር ቀለበቶች ታዩ። በየቀለበቱ ሁለት ጫፎች ሲቲሲኤፍ የተባለው ፕሮቲን የሚያርፍባቸው አጫጭር የፊደል ተርታዎች አሉ፤ እነዚህም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እንዲሁ እየተንሳፈፈ በአጋጣሚ የሚነካካ ክር ደግሞ የማን ፊት ወዴት እንደ ዞረ ሊለይ አይችልም። በ2015 የኤይደን፣ በ2016 የሚርኒ ቡድን ሌላ ሞዴል አቀረቡ፦ ኮሂሲን የተባለ ፕሮቲን ክሩን ይይዝና ከሁለት ወገን እየሳበ ቀለበቱን ያሰፋዋል፤ ፊቱን ወደ እርሱ ያዞረ ሲቲሲኤፍ ሲያጋጥመው ይቆማል። ያ ውብ ሥዕል እንደማይበቃ የተናገሩት፣ አስተውሉ፣ የሳሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

አዲሱንም ቢሆን ስለ ገጠመ ብቻ አልተቀበሉትም። የኤይደን ቡድን ከእነዚያ ተርታዎች አንዱ ቢቆረጥ ካርታው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ጠየቀ፤ ከዚያ በሴሉ ውስጥ ቆረጠው፤ ካርታውም እንደ ተባለው ተለወጠ። በ2017 ኮሂሲን ከሴል ሲወገድ ቀለበቶቹ ጠፉ። በ2018 በኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት፣ በሴስ ዴከር ቤተ ሙከራ የኮሂሲን ዘመድ የሆነው ኮንዴንሲን ክሩን ስቦ ቀለበት ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ታየ። በ2019 ኮሂሲን ራሱ ሲሠራ ታየ።

ከዚህ ተነሥቶ “እንግዲህ ስለ ሰው ምንም አትገምቱ” የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ሐሙስ የቀረችን እኅት አይቶ ምንም የማያስብ ሰው ከእኔ የሚሻል አይመስለኝም፤ ምናልባት ግድ የለውም። ሳንገምት መኖር አንችልም። የእኔ ጥፋት ግምቴን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ጥያቄ በእጄ እያለ አለመጠየቄ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ታሪኩ ጥሞኝ ስለ ነበር እንዲፈርስ አልፈለግሁም። ክሮሞዞም ደግሞ የተሳሳተ ሥዕል ቢሳልበት እንደ ወትሮው ይታጠፋል፤ ሰው እንደዚያ አይደለም። ወሬው ደረሳት፤ መዝሙሩን ተወች።

ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡና አፈላችልኝ። “ሐሙስ ሐሙስ የት ነሽ ብትለኝ እኮ እነግርህ ነበር” አለችኝ። ወደ መዘምራኑ አልተመለሰችም።