ቤት አላቸው፤ ሰውስ?

 

የዛሬው ወሬ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ረመዷን ሊገባ ሲል፣ ሸዋ ሮቢት እኛ ሰፈር ያለን ልጆች ተሰባስበን በቀበሌ ቤት የሚኖሩ የአንዲት እናት ቤት አደስን። ግድግዳውን በጭቃ መረግን፣ የዛገውን ቆርቆሮ ቀየርን፣ በሩን አረንጓዴ ቀባን። ፎቶም ተነሳን። ፎቶው ብዙ ላይክ አገኘ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለኢፍጣር ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። እማማ ቴምር ቀመሱ፣ ውሃውን ግን ከንፈራቸውን አርሰው አስቀመጡት። "ምነው እማማ፣ ቀኑን ሙሉ ጾመው ውለው?" ስላቸው ፈገግ አሉና "ልጄ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ማን ይወስደኛል?" አሉኝ።

ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ አምስት ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምበት። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ መብራት የለውም። አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከመግሪብ በኋላ ውሃ መጠጣት ትተዋል። የሮቢትን ሙቀት የምታውቁ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። እኛ በሩን ስንቀባ፣ በዚያ በር ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅህ አለኝ። ለደከመ ሰው ጣሪያ ከሰጠነው በኋላ ሐቁን ጨርሰናል?

የቀበሌ ቤት ታሪክ ለብዙዎቻችን ከመወለዳችን በፊት ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ያኔ በወጣትነታቸው የገቡት ተከራዮች ዛሬ ከሰባ ዓመት አልፈዋል። ኪራዩ ግን እንዳለ አለ ማለት ይቻላል፤ እማማ በወር የሚከፍሉት ሃያ ብር አይሞላም። ይህን አቅልለን አንየው። የግል ቤት የተከራየ ሽማግሌ በየዓመቱ ሲጨመርበት ያየ ሰው፣ የቀበሌ ቤት ስንት ሰው ከጎዳና እንዳዳነ ያውቃል።

ነገር ግን የኪራይ ውል ስለ ጣሪያና ስለ ብር ነው የሚያወራው። ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን መድኃኒቱን ያምጣ፣ ማን ሌሊት እጅ ይያዝ አይልም። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ፣ እኛን እግራችን አወጣን። እማማ ያን ጊዜም ቤት ነበራቸው። የሚያወጣቸው ሰው ነው ያልነበረው።

መንግሥትስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ለአረጋውያን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል፣ አቅም በፈቀደ መጠን። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ለ604 ሺህ ያህል ሰው ታቅዶ ነበር፤ ከአማራ ክልል ደሴ ነበረችበት። ሠርቶ ገንዘብ የሚያገኘው ብዙው ሲሆን፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች "የቀጥታ ድጋፍ" የሚባል ክፍል አለው። መልካም ነገር ነው። ሆኖም የሚሰጠው ብር ነው። ብር ደግሞ ባልዲ አያነሳም።

"ልጆቻቸውስ የት ሄዱ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሱረቱል ኢስራእ የወላጅን ሐቅ አላህን ከማምለክ ቀጥሎ አስቀምጧል፤ ይህን ማንም አያወርደውም። የእማማ ልጅ ጂዳ ናት። ከይፋት ቆላ ስንቱ እህታችን እዚያ እንዳለ ታውቃላችሁ። በየሁለት ወሩ ትልካለች፣ አትረሳም። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? አንዲት አሮጊት ሴት መንከባከብ። የሰው እናት ሌሊት ሽንት ቤት እያደረሰች በምታገኘው ደመወዝ ነው እናቷን የምትረዳው። ይህን ስሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ያ ሥራ ጂዳ ላይ ዋጋ ያለው ሥራ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን "ጎረቤት ያደርገዋል" ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። ጎረቤትም አንድ ሳምንት ያደርገዋል፣ ሁለት ሳምንት ያደርገዋል፣ ከዚያ የራሱ ኑሮ አለበት።

ለዚህ አገልግሎት ደመወዝ መክፈል ነውር የሚመስላቸው አሉ። "ኸይር ሥራ በብር?" ይላሉ። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንቱ ወገኖች መካከል በዘካው ላይ የሚሠሩት ራሳቸው እንዳሉበት ሱረቱ ተውባህ ውስጥ አንብበናል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባመላከቷቸው መሠረት ወቅፍ ሲያደርጉ፣ ጠባቂው በአግባቡ ከእሱ ቢበላ ነውር እንደሌለበት ተቀምጧል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ካልበላ ሥራው አይቆይም።

ስለ ዑመር ካነሳሁ፣ አቡ ዩሱፍ ኪታቡል ኸራጅ ውስጥ የዘገቡትን ላስታውሳችሁ። ዑመር አንድ ማየት የተሳነው አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አገኙት። እጁን ይዘው ቤታቸው ወሰዱትና ካላቸው ሰጡት። ብዙ ጊዜ ታሪኩን የምንተርከው እዚህ ድረስ ነው፤ ለፎቶ የሚመቸውም ይሄው ክፍል ነው። ዑመር ግን ወደ በይተል ማሉ ኃላፊ ላኩና እሱንና መሰሎቹን እንዲያይ አዘዙ፤ በጉልበቱ ጊዜ ተቀብለውት ሲያረጅ መጣል ፍትሕ እንዳልሆነ ተናገሩ። የመጀመሪያው ስጦታ ለአንድ ቀን ነው። ሁለተኛው ለነገም፣ ለማያውቁት ሽማግሌም ነው። ሰውየው ሙስሊም አለመሆኑንም ልብ በሉ፤ የእማማ ግቢ ውስጥ ካሉት አምስት ቤቶች ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው፣ እነሱም እያረጁ ነው።

ቋሚ ያልሆነ ገንዘብ ምን እንደሚሆን ሌላ አገርም ታይቷል። እንግሊዝ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች የሚኖሩ አረጋውያንን የሚጎበኝ፣ ሲወድቁ የሚደርስ ሠራተኛ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ለዚህና ለመሰል አገልግሎቶች "ሰፖርቲንግ ፒፕል" የሚባል የራሱ በጀት ተመደበ፤ በመጀመሪያው ዓመት 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል። በ2009 ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ያጠረው አጥር ተነሳ። ሕንፃዎቹ አሉ፤ በብዙ ቦታ ግን ሠራተኛው ተቀነሰ። የተነጠቀ ቤት ይጮኻል። ያልመጣ ጎብኚ ግን ድምፅ የለውም።

የእኛም ሶደቃ ያው ነው። ረመዷን ላይ ይሞላል፣ ሸዋል ላይ ይደርቃል። ወቅፍ የሚባለው ነገር ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቃሉ ራሱ ማቆም፣ መያዝ ማለት ነው። ዋናው አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ፍሬው ብቻ ይሰጣል። በየወሩ መክፈል አንችልም እንዳንል ደግሞ እድር አለን። ለቀብራችን ሳናስታጉል እናዋጣለን። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ እድሮች በሕይወት ላሉ አረጋውያንም መድረስ ጀምረዋል።

እኛ በአሥራ አራት ልጆች ጀመርን፣ በወር 150 ብር። ከዚያው ግቢ አንዲት እናት ጠዋትና ማታ እንድትገባላቸው ተነጋገርን፤ ክዳን ያለው ባልዲ ገዛን፣ አንድ አምፖል ሰቀልን። በሁለተኛው ወር የከፈለው አሥራ አንድ ነው። በአራተኛው ዘጠኝ። እሷ ግን አንድ ቀን አልቀረችም፣ እማማም አሁን ማታ ሻይ ይጠጣሉ።

በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት የውሃ ፓምፓቸውን ወቅፍ ላድርግ ብለዋል፤ መሬት የመንግሥት ስለሆነ አይቻልም፣ ፓምፕ ግን የራሳቸው ነው፤ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም ጥሩራቸውን በአላህ መንገድ ወቅፍ አድርገዋል። ፓምፑን ለገበሬዎች እያከራየን ደመወዟን ልንከፍል ነው ሐሳቡ። አባታችን ፈቅደዋል። ወንዶች ልጆቻቸው ገና አልተስማሙም፤ ዛሬ ከጁመዓ ሶላት በኋላ ከእነሱ ጋር እንቀመጣለን።