ወረፋና ርትዕ

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር የመንጃ ፈቃድ ፈተናዎችን ባስተጓጎለ ጊዜ፣ በካልጋሪ ከተማ ከ30 ጥያቄዎች 25ቱን መልሶ የተለማማጅ ፈቃድ ለመቀበል የሚጠባበቀው ሰው ተከማቸ፤ የፈተናው ደጅ ዳግመኛ ሲከፈትም፣ ማን ይቅደም የሚለው ነገር ከአስተዳደር ጥያቄነት ወደ ሥነ ምግባር ጥያቄነት ተሻገረ።

ቀድሞ የመጣ ይቅደም ማለት ርትዕ ይመስላል፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት የምናስበው፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረው መፃጉዕ፣ ትዕግሥት ሳያንሰው፣ ውኃው በታወከ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ብቻ ሌላው ይቀድመው ነበር። እንግሊዝኛው ያልጠናለት፣ በኢንተርኔት ቀጠሮ መያዝ የማይሆንለት፣ እንጀራው ግን በመሪ የሚገኝ ስደተኛ ወገናችንም ከዚሁ ዕጣ አይርቅም።

ስለዚህ ወረፋን ማቃለል፣ ሰው የሌለውን ሰው እስከ መርዳት መድረስ አለበት፤ መንግሥት ሰዓትና ፈታኝ ሲጨምር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ምእመንም ጎረቤቱን ማስጠናት ይገባዋል።