ባቄላው ሲጠቁር ከማሳው አትራቁ

ልጆቼ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ በወገራና በጃናሞራ ደጋ መሬት የተረከባችሁ፣ ጎንደር ከተማ እየኖራችሁም የአባታችሁን ማሳ ለበዓል ብቻ ሄዳችሁ የምታዩ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ባቄላ በሰኔ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ አብቦ ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዓይኑ ወደ ገብሱና ወደ ስንዴው ይሄዳል። እኔ ግን የጽጌ ጾም ከሚገባበት ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ የባቄላው ዋና ጊዜ እለዋለሁ። የዓመቱ ድካም የሚተርፈውም የሚበላሸውም ያኔ ነው።

ማየቱን ግን ቀድማችሁ፣ ገና ሲያብብ ጀምሩ። ዳር ቆማችሁ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ መሐል ግቡ፤ ቅጠሉን ገልብጡት። ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲበረታ የሚስፋፋው የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ላይ አረንጓዴ እብጠት እያወጣ የሚያቀጭጨው ሌላው በሽታ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሰሜን ሸዋ ደጋ ታይቶ ወደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የተዛመተ ነው። ቆባው ከሞላ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ብዙ አያድንም፤ ስለዚህ ምልክቱን በአበባ ሰዓት አይታችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ። አበባ ላይ መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ይሁን። የባቄላ አበባ ፍሬ እንዲይዝ ንብ ታግዘዋለችና። የታመመውን ማሳ ገለባ እዚያው በትናችሁ አትተዉ፤ በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ መሬት ባቄላ አትድገሙበት፣ ገብስ ወይም ስንዴ ዝሩበት።

ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት ብርዱ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ለምለም ቆባ ያለበትን የታችኛውን ማሳ በአንድ ሌሊት ሊያጠቁረው ይችላል። እሸት ለጎንደር ገበያ የምትሸጡ ከሆነ ከዚያ ከጎድጓዳው ጀምሩ። እሸት መሸጥን የሚነቅፉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እኔ አልነቅፍም። መስከረም ላይ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት ለደብተርና ለጨው የሚሆን ብር ያመጣል። ግን የትኛው እሸት እንደሚሸጥና የትኛው እንደማይነካ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የማይነካው ለዘር የሚሆነው ነው። ከዚህ በላይ አደራ የምለው የለኝም። ብዙው ገበሬ ዘሩን ከተወቃው ክምችት አንሥቶ፣ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይመርጣል። ፍሬው ግን ግንዱ ታሞ እንደነበር፣ በውርጭ ተመትቶ ተርፎ እንደሆነ፣ ስንት ቆባ እንደያዘ አይናገርም። ይህን የሚያሳየው የቆመው ተክል ነው። ስለዚህ ገና ሳይታጨድ ማሳው መሐል ገብታችሁ፣ ጎረቤቶቹ ሲታመሙ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን፣ ከታች ጀምሮ ቆባ የጠቀጠቀውን እየለያችሁ ገለባ ወይም ክር እሰሩበት። ልጆቻችሁ እሸት ሲቀጥፉ ክር ያለበትን እንዳይነኩ ንገሯቸው። እነዚህን ለብቻ እጨዱ፣ ለብቻ ውቁ፣ ለብቻ አስቀምጡ። ኢትዮጵያ ከዓለም ዋና ዋና የባቄላ አምራቾች አንዷ ናት፤ ዘሩም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ከምርምር ማዕከላት የወጡት እንደ ዶሻና ወልኪ ያሉ ዝርያዎች ደርሰዋችሁ ከሆነም ከአባቶቻችሁ ዘር ጋር አትቀላቅሏቸው።

ባቄላ ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው። የላይኛው ቆባ እስኪጠቁር የጠበቀ ሰው የታችኛውን መሬት ላይ ተፈልቅቆ ያገኘዋል። ቅጠሉ ረግፎ የታችኛውና የመሐሉ ቆባ ሲጠቁር፣ የላይኛው ቢጫ እንዳለ እጨዱት፤ ነዶው ላይ ይደርቃል። የምታጭዱት ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ይሁን፤ ፀሐይ ከከረረ ቆባው በእጃችሁ ላይ ይፈነዳል። መንቀል ቢቀልላችሁም ማጭድ ያዙ። ባቄላ በሥሩ ባሉት እብጠቶች ከአየር ናይትሮጂን ይሰበስባል፤ ሥሩ ከመሬት ሲቀር ለሚቀጥለው ገብስ ይጠቅማል።

በዓሉንም አስቡ። ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ በመሐል ደግሞ ያልተጠበቀ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ወንፈሉን ከቁስቋም በፊት ተነጋገሩ።

ከተወቃ በኋላ በጥርስ ሲነከስ ጥርቅ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት። እርጥበት የያዘ ባቄላ ይሻግታል፤ ነቀዝም ይፋጠንበታል። አቅም ካላችሁ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢት ግዙ፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒትም መጨመር አያስፈልግም። ለምግብ በምታስቀምጡት እህል ላይ ስሙን የማታውቁትን ዱቄት በጭራሽ አትነስንሱ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ሽሮውም ክኩም ገዥ ያገኛል፤ ነጋዴውም ደጃችሁ ይመጣል። ልጆቼ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የዘር ባቄላችሁን ለዩና ከቤት አስገቡ።